«እንዳለ ይመጠዋል» ይሉሃል!

ላብ አደር፦ ትናንት ስለ ናኖ ዚንክ፣ ማለትም ለማዳበሪያ ስለሚሆነው እጅግ ደቃቅ የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት፣ በተሰጠ የኢንተርኔት ስልጠና ላይ «ናኖ ዚንኩን ተክሉ እንዳለ ይመጠዋል፣ አፈር ውስጥ የሚቀር ነገር የለም» ተባለ። ተጨበጨበም! ዚንክ ኦክሳይድ እኮ ሥሩ በሚያመነጨው አሲድ እየሟሟ አዮን፣ ማለትም ቻርጅ ያለው የዚንክ አቶም፣ ይሆናል። በናኖ ዚንክ ኦክሳይድ የበቀለ አኩሪ አተር ሥሩ በኤክስሬይ ሲታይ ዚንኩ ተገኘ፤ ኦክሳይዱ ግን የለም። የቱ ነው «እንዳለ» የገባው?

አረንጓዴ ልብ፦ ጀመራችሁ ደግሞ። ገበሬው ቅንጣት ገባ አዮን ገባ ምን ገዶት? ቅጠሉ ወዝ ካገኘ በቃው።

ላብ አደር፦ አዮን ከሆነማ የተለመደው የዚንክ ማዳበሪያ፣ ዚንክ ሰልፌት፣ ምን አጠፋ?

አረንጓዴ ልብ፦ ሰልፌት ወዲያው ይሟሟል፣ ናኖው ቀስ እያለ ነው።

ዝም አልልም፦ ቀስ እያለ እየሟሟ፣ ግን እንዳለ ገባ? ከሁለት አንዱን ምረጥ ጌታዬ።

አረንጓዴ ልብ፦ «እንዳለ» ያልኩት እኔ አይደለሁም!

ዝም አልልም፦ ያጨበጨብከውስ?

የማሳ ሰው፦ ሰውዬው «ሁሉንም» ማለቱ ይሆናላ። እንዳለ ማለት መልኩን ሳይቀይር ብቻ ነው ያለው ማነው?

ላብ አደር፦ ሁሉንም ከሆነ ባሰ። ዱቄቱን በውሃ በጥብጬ ትንሽ ዘወር ብዬ ስመለስ ተጓጉሎ፣ ዘቅጦ ይጠብቀኛል። የሴል ግድግዳው ቀዳዳ ከ5 እስከ 20 ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ገደማ ነው። ያ ጓል በየት ይገባል? ሥሩ ላይ ነጭ ሆኖ ይለጠፋል እንጂ። ከዚያ ተመራማሪዎቹ ሥሩን በወጉ ሳያለቀልቁ አድርቀው ይፈጩትና የተለጠፈውን ሁሉ «ተመጠጠ» ብለው ይጽፋሉ።

የማሳ ሰው፦ ቅርንጫፍ ሥር ሲወጣ የሚሰነጠቀውንስ ረሳኸው? በዚያ ቅንጣት ሾልኮ ይገባል።

ላብ አደር፦ ጥቂት ይገባል፣ አልካድኩም። ጥቂት «እንዳለ» አይደለም።

ዝም አልልም፦ እንዳለ የሚቀር ከፈለጋችሁ ሌላ ናኖ ዱቄት፣ ሴሪየም ኦክሳይድ፣ አለላችሁ፤ እሱ በቀላሉ አይሟሟም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣውን የአኩሪ አተር ጥናት እዩት። ከፍተኛው መጠን ሲጨመር የሥሩ እባጮች የአየሩን ናይትሮጅን ለተክሉ ማሰር ሊያቆሙ ምንም አልቀራቸው።

አረንጓዴ ልብ፦ በኪሎ አፈር 1 ግራም! ማነው እንደዚያ የሚበትነው? እናንተ ቤተ ሙከራ ውስጥ ተክል ገድላችሁ ማሳ ላይ ታለቅሳላችሁ።

ዝም አልልም፦ ደጋፊዎቹስ ዘሩን በማጣሪያ ወረቀት ላይ አብቅለው አይደል ማሳ የሚሸጡልን?

የማሳ ሰው፦ እዚህ ካላችሁት ጫማው ጭቃ የነካ ማነው? ልማዴ ነውና ልጠይቅ።

ላብ አደር፦ የኔ ነክቷል። ለማወዳደሪያ ሰልፌት ጎን ለጎን ያልተጨመረበት ሙከራ ግን ጭቃ ቢነካም ሙከራ አይባልም።

አረንጓዴ ልብ፦ እሺ ፕሮፌሰር። ለማንኛውም እኔ አላጨበጨብኩም፤ ማይኬ ዝግ ነበር።

ዝም አልልም፦ ካሜራህ ግን ክፍት ነበር። ቅጂው አለኝ፣ ልልቀቀው?

አረንጓዴ ልብ፦ ልቀቀው! እንዳለ ልቀቀው፣ ሳትቆርጥ።