ታደጉን ወይስ መጣን?

አወያዩ፦
የዚህ ሳምንት ክርክር ከታች አለ። ደንቡ ያው ነው። ስድብ የለም። ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉ፤ ባለፈው አንዱ 77 ሌላው 84 እያለ ስለ አንዱ ድርቅ ግማሽ ቀን ተጨቃጭቀናል። ለቤተ እስራኤሎች (ለኢትዮጵያ አይሁዶች) ስድብ የሆነው «ፈላሻ» የሚለው ቃል ከጥንት ጽሑፍ ለመጥቀስ ካልሆነ አይገባም። የገዳሪፍ ልጅ፣ ቀጥይ።

የገዳሪፍ ልጅ፦
ልጄ አራተኛ ክፍል ነው። ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት «ባዶ ቦታ ሙላ» የሚል ወረቀት ይዞ መጣ። ሦስተኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «በዘመቻ ሙሴ ______ የኢትዮጵያን አይሁዶች አዳነች»። መልሱ እስራኤል መሆኑ ነው፤ ዘመቻ ሙሴ ማለት በ1984 መጨረሻ ቤተ እስራኤሎች ከሱዳን በአውሮፕላን ወደ እስራኤል የተወሰዱበት ነው። እናቴ ቡና እየቆላች ነበር። ልጁ በዕብራይስጥ ሲያነብ ሰምታ «ምን ይላል?» አለችኝ፤ ተረጎምኩላት። ብረት ምጣዱን ከእሳቱ አወረደች። «ማን ነው ያዳነኝ? አምስት ሳምንት ሌሊት ሌሊት እየሄድሁ፣ አንዱን ልጄን ጫካ ሁለተኛውን ሱዳን ቀብሬ የመጣሁ ሰው ነኝ። አውሮፕላኑን አላማሁም። ግን አውሮፕላኑ መንደሬ ድረስ አልመጣም» አለች። ከዚያ ቡናው አረረ።

እኔ ሱዳን ካምፕ ውስጥ ነው የተወለድሁት። ስለዚህ የማስታውሰው የለኝም፤ የምጠይቀው ብቻ ነው። ታሪኩ ለልጆች ሲጻፍ «ታደጉን» ነው መባል ያለበት ወይስ «መጣን»?

ሹፌሩ (ቤርሳቤህ)፦
እናትሽን እግዜር ያቆይልሽ። እኔም በ11 ዓመቴ ሱዳን ኡም ራኩባ ካምፕ ነበርሁ፤ ስለዚህ ከመጽሐፍ አልናገርም። በእግራችን የደረስነው ሱዳን ነው። ሱዳን ኢየሩሳሌም አይደለችም። በ1984 ክረምት ኩፍኙ፣ ወባው፣ ተቅማጡ ሲረባረብ ጠዋት ጠዋት ሬሳ ማውጣት ሥራ ሆኖ ነበር። በመንገድና በካምፕ ያለቀው ሰው ወደ 4,000 ይገመታል። ከዚያ በላይ ስድስት ወር ብንቆይ ይህን ክርክር የሚከራከር ሰው አይኖርም ነበር።

ከኖቬምበር 21፣ 1984 እስከ ጃንዋሪ 5፣ 1985 ድረስ ወደ 8,000 ሰው በሌሊት ከካርቱም በብራሰልስ አድርጎ ወጣ። ያጓጓዘን የቤልጅግ አየር መንገድ የሱዳን ሐጃጆችን ወደ መካ ሲያመላልስ የኖረ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። ያን ሁሉ ማን አቀደው? ማን ከፈለ? እኛ ነን? አንድ ሌሊት አውቶቡስ ውስጥ አስገቡን፣ መጋረጃውን ዘጉት፣ ሲከፈት አውሮፕላን አየሁ። ከዚያ በፊት አውሮፕላን ያየሁት ሰማይ ላይ ነው። ይህ መታደግ ካልሆነ ቃሉን ለምን ፈጠሩት?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሹፌር፣ ስለዚያ ሌሊት ልክ ነህ። የኔ ጥያቄ ከዚያ በፊት ስለነበሩት ዓመታት ነው። እስራኤል በ1948 ተመሠረተች። ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ «ከዳን ነገድ ናቸው» ብለው የፈረዱት በ1973 ነው፤ መንግሥት የመመለስ ሕጉ (አይሁድ ሁሉ እስራኤል ገብቶ ዜጋ ይሁን የሚለው) ይመለከታቸዋል ያለው በ1975። 27 ዓመት! የየመን አይሁዶች እኮ በ1949 እና በ1950 ነው በአውሮፕላን የገቡት።

በ1977 ቤጊን የእስራኤል ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሥልጣን ሲይዙ ደግሞ ከመንግሥቱ ኃይለ ማርያም ጋር ስምምነት ተደረገ። ለደርግ መሣሪያ ይዞ አዲስ አበባ ያረፈ አውሮፕላን ሲመለስ ሰው ጫነ። በሁለት ጉዞ 120 ያህል ሰው። በ1978 መጀመሪያ የእስራኤል ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ዳያን ለደርግ መሣሪያ እንደሚሸጡ በአደባባይ ተናገረ፤ በሩም ተዘጋ። ሱዳን የተመረጠችው እኮ ሌላው በር ሁሉ ስለተዘጋ ነው። እናትየዋ የሄደችበት መንገድ የተከፈተው በፖለቲከኛ አፍ ነው እላለሁ።

ሹፌሩ (ቤርሳቤህ)፦
ዘገዩ ማለት አልታደጉም ማለት አይደለም። ዘግይቶ የመጣ ሐኪምም ሐኪም ነው።

የገዳሪፍ ልጅ፦
እሺ፣ ሐኪሙን ማን ጠራው? ፈረደ አክሉም። የትግራይ ልጅ፣ መምህር የነበረ፣ ደርግ ሲፈልገው ሱዳን የገባ። ካርቱም ሆኖ «ሱዳን ደርሻለሁ፣ አውጡኝ» እያለ ደብዳቤ የጻፈው እሱ ነው፤ የእስራኤል ስለላ ድርጅት ሞሳድ ሰው የላከው ደብዳቤውን ካየ በኋላ ነው። እሱን ማውጣት ሲችሉም አልወጣም፤ ቀርቶ ሌላውን ፈለገ፣ ወደ አገር ቤት «በሱዳን በኩል መንገድ አለ» ብሎ ላከ። ከዚያ ነው ሰው መንደር እየዘጋ የተነሣው። ሞሳድ ለሽፋን ቀይ ባሕር ዳር ስለከፈተው የውሸት የመዝናኛ ሆቴል ዓለም ሁሉ ያውቃል፤ ፈረንጅ ዋናተኛ ስላለበት መሰለኝ። የፈረደን ስም ልጄ ክፍል ውስጥ የሚያውቅ አንድ ልጅ አላገኘሁም።

መምህር (ጎንደር)፦
እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ጎንደር ታሪክ አስተምራለሁ፤ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው። ዛሬ ግን አላስቻለኝም። ሁላችሁም የምትከራከሩት ስለ 1984 ነው። ጉዞው የዚያን ጊዜ አልተጀመረም።

በ1862፣ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን፣ የሚስዮናውያኑ ስብከት ቤተ እስራኤሎችን ሲያስጨንቅ አባ ማሃሪ የሚባሉ መነኩሴ «ጊዜው ደርሷል» ብለው ሕዝብ አስነሥተው ወደ ኢየሩሳሌም መንገድ ጀመሩ። በእግር። ቀይ ባሕር ለሙሴ እንደተከፈለ ይከፈልልናል ብለው ነበር። አክሱም አካባቢ ሲደርሱ ረሀብና በሽታ ፈጃቸው። የተረፈው ጥቂቱ ተመለሰ፣ ጥቂቱ እዚያው ትግራይ ቀረ። ያኔ አውሮፕላን የለም፣ ሞሳድ የለም፣ እስራኤል የምትባለው መንግሥት ራሷ 86 ዓመት ይቀራታል። ስለዚህ ለኔ ጥያቄው የሞላ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ማንም ሳይጠራቸው መሄድ የጀመሩ ናቸው።

ለምን ሄዱ የሚለው ደግሞ የኛ ጉዳይ ነው። ኢየሩሳሌምን መናፈቅ አንድ ነገር ነው፤ መግፋትም አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን አፄ ይስሐቅ «የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን» አሉ ይባላል (አወያይ፣ ይህ ከጥንት ጽሑፍ ነው!)። መሬት ያጣ ገበሬ ምን ይሠራል? ብረት ይቀጠቅጣል፣ ሸክላ ይሠራል፣ ይሸምናል። ማረሻችንን የሠሩልን እነሱ ናቸው፤ ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ ያልናቸውም እነሱው። አያቴ ከወለቃ የገዛችውን ጀበና ሦስት ጊዜ በጭስ ሳታጥን ቤት አታስገባም ነበር። ቡናዋን ግን በሌላ ጀበና ጠጥታ አታውቅም። ዛሬ ወለቃ ብትሄዱ ቱሪስት የሚገዛው የሸክላ ምስል አሁንም መንገድ ዳር ተደርድሯል። ሠሪዎቹ ግን ሄደዋል።

ኢትዮጵያ_ትቅደም፦
መምህር፣ ይኼ አገርን ማዋረድ ነው። ርዕሱ ስለ እስራኤል መማሪያ መጽሐፍ ነው፣ ቡዳ ምን አመጣው?

መምህር (ጎንደር)፦
ወንድሜ፣ «አዳነች» የሚል ዓረፍተ ነገር «ከምን?» የሚል ጥያቄ ይወልዳል። መልሱ ውስጥ አለንበት። ድርቁ አለ፣ ደርግ አለ፣ ጦርነቱ አለ፤ እኛም አለን።

ሌላም ልጨምር፣ ለእስራኤሎቹ። ልጆቻችሁ ማሳዳን ይወጣሉ አይደል? ዮሴፍ የተባለው የጥንት ጸሐፊ ከሮማውያን እጅ ላለመውደቅ 960 ሰው ራሱን አጠፋ ብሎ የጻፈላት አምባ። በአፄ ሠርፀ ድንግል ዜና መዋዕል ደግሞ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ ስለ ሰሜን ተራራ ውጊያ የተጻፈውን ተመልከቱ። እጇ ከማራኪዋ እጅ ጋር የታሰረች ቤተ እስራኤል ሴት «አዶናይ፣ እርዳኝ» ብላ እሱንም ይዛ ገደል ገባች። ይህን የጻፈው የራሷ ወገን አይደለም፤ የንጉሡ ጸሐፊ ነው፣ ተገርሞ። እሷን የሚያውቃት የአራተኛ ክፍል ልጅ ካለ ንገሩኝ።

ሹፌሩ (ቤርሳቤህ)፦
የሰሜኗን ሴት እኔም አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ መምህር።

የ91 ልጅ፦
እኔ ደግሞ በ1991 ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን በወሰዱን በዘመቻ ሰሎሞን የመጣሁ ነኝ፤ የናንተ «መጣን» አይመለከተኝም። ስድስት ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ በ1990 ከጎንደር አዲስ አበባ ገብተው አንዲት ክፍል ተከራይተን ከኤምባሲው ደጅ ስንመላለስ ዓመት ሞላን። መንግሥቱ ሜይ 21 ሸሸ። እኛ 24 እና 25 ላይ ተጫንን፤ 28 ኢሕአዴግ ከተማ ገባ። ግንባሬ ላይ ቁጥር ያለበት ወረቀት ለጠፉብኝ፣ ቤተሰብ እንዳይለያይ። ስቅበጠበጥ እንዳላነሣው እናቴ እጄን ይዛ ነበር። ወንበሩ ተነቅሏል፣ ወለሉ ላይ ጉልበት ለጉልበት ተቀመጥን። በአንዱ ጃምቦ ብቻ ከ1,000 ሰው በላይ ተጭኗል። በአንድ ቀን ተኩል 14,325 ሰው። ለዚያ 35 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሏል። እኔ «መጣሁ» ብል ውሸታም ነኝ። አመጡኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
35 ሚሊዮኑ ለማን እንደተከፈለ ታውቂያለሽ? ላስቸገረው የኢትዮጵያ መንግሥት። ሰውን መቤዠት ይባላል ይኼ፣ መታደግ አይባልም።

የ91 ልጅ፦
የፈለግኸውን ስም ስጠው፣ ከፋዩ ከፍሏል፣ እኔም በሕይወት አለሁ።

የገዳሪፍ ልጅ፦
የ91፣ ላንቺ እቀበላለሁ። ወረቀቱ ግን ስለ ሙሴ ነው፣ ሁለቱን አንድ ማድረጉ ራሱ ነው ያናደደኝ። ስሙን ልብ በሉት። «ዘመቻ» ሲሉ ወታደርና አብራሪ ይታያል። ዘመቻው ደግሞ የሚጀምረው ካርቱም ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት ያለው አምስት ሳምንት፣ ከዚያም ካምፕ ውስጥ ያለው አንድ ዓመት ስም የለውም።

እናቴ ካምፑን ስትናገር ረሀቡን አታስቀድምም፤ ሰንበትን ነው። አይሁድ መሆናችን እንዳይታወቅ መደበቅ ነበረባቸው። ሰንበት እሳት አይነካም፤ ጭስ የማይወጣበት ጎጆ ግን ጎረቤት ይጠረጥራል። ስለዚህ ሴቶቹ ባዶ ውሃ ጥደው ያነዱ ነበር። ምንም አልቀቀሉም፣ ምንም አልበሉም። «እሳቱን እየማገድሁ ይቅር በለኝ እለው ነበር» ትላለች። በሰንበት ጭስ ስለማጨስ የሚጠይቅ ባዶ ቦታ የትኛው ወረቀት ላይ አለ?

ቃሉ የሚከነክነኝ ለሌላም ምክንያት ነው። የታደጉት ሰው ባለዕዳ ነው። ባለዕዳ ሲናገር «አመስግን» ይባላል። በ1996 ቤተ እስራኤሎች የለገሱት ደም በድብቅ ሲደፋ እንደኖረ ጋዜጣ አወጣው፤ ሺዎች ኢየሩሳሌም ወጥተው ጮኹ። ያኔም «ይህን ሁሉ አድርገንላችሁ» ያለ ነበር። በእግሩ የመጣ ሰው ግን ቤቱ ነው የገባው።

ሹፌሩ (ቤርሳቤህ)፦
ይኼን አልክድም። መርካዝ ክሊታ (የአዲስ ገቢዎች መቀበያ) ስንገባ ጸሐፊዋ ስሜን መጥራት አቃታትና ሌላ ሰጠችኝ፤ አሁንም መታወቂያዬ ላይ አለ። አባቴ ደግሞ በ1985 ረቢዎቹ አይሁድነታችን ያጠራጥራል ብለው «ለጥርጣሬው ተጠመቁ» (በውሃ ጠልቃችሁ ንጹ) ሲሉ ከዋናው ረቢናት (የረቢዎቹ መሥሪያ ቤት) ፊት ለፊት አንድ ወር ገደማ ሜዳ ላይ ከተቀመጡት ነበር። ጎንደር ሲጠመቅ ርስት ይሰጠው ነበር፣ እዚህ ደግሞ ይሁዲነቱ እንዲታመን ተጠመቅ ይሉታል፤ ሳቁ ራሱ ይገድለው ነበር። ግን ስሙኝ፦ እሱ ሜዳ ላይ ተቀምጦ ሳለም ስለ አውሮፕላኑ ሲነሣ «ታደጉን» ነበር የሚለው። አንዱን ለማመስገን ሌላውን መርሳት አላስፈለገውም። መንግሥትም ቢሆን ጨርሶ አልረሳም፤ ኢየሩሳሌም ሄርጽል ተራራ ላይ በመንገድ ለሞቱት መታሰቢያ አቁሟል፣ በየዓመቱ ሥነ ሥርዓት አለ።

የገዳሪፍ ልጅ፦
ሥነ ሥርዓቱ ከኢየሩሳሌም ቀን፣ እስራኤል በ1967 ምሥራቅ ኢየሩሳሌምን መያዟን ከምታከብርበት በዓል ጋር፣ አንድ ዕለት ነው፣ ጋሼ። ከተማው ባንዲራ ይዞ ሲጨፍር እኛ ተራራው ላይ እናለቅሳለን። ልጄ ክፍል የሚያወሩት ስለ ባንዲራው ነው።

ሹፌሩ (ቤርሳቤህ)፦
ኢየሩሳሌም ብለው ነው የሞቱት፤ በኢየሩሳሌም ቀን ቢታሰቡ ምን ነውር አለው? ይኼን አልለቅም።

አወያዩ፦
ሰዓቱ አልፏል። ድምፅ ልንሰጥ ነበር፣ ግን ዘመቻ ሙሴንና ዘመቻ ሰሎሞንን በአንድ ቃል ድምፅ ማሰጠት የማይሆን መሰለኝ። የገዳሪፍ ልጅ፣ ወረቀቱ መጨረሻው ምን ሆነ?

የገዳሪፍ ልጅ፦
ልጁ እኔን ሳይጠይቅ ሞላው። «በዘመቻ ሙሴ አያቴ የኢትዮጵያን አይሁዶች አዳነች» ብሎ። ሰዋስዉ ይገጥማል፣ እስራኤልም ሴት አያቴም ሴት። አስተማሪዋ አጠገቡ በቀይ የጥያቄ ምልክት አድርጋ «አብራራ» ብላዋለች። አሁን አያትና ልጅ ወለሉ ላይ ካርታ ዘርግተው የጉዞውን መንገድ እየሣሉ ነው። አንድ ወንዝ ላይ ቆመዋል። እሷ «ሌሊት በገመድ ተያይዘን የተሻገርነው፣ ውሃው እስከ ደረት ነበር» ትላለች እንጂ ስሙ ጠፍቷታል። አካባቢውን የምታውቁ?

የአርማጭሆ ሰው፦
አንገረብ ነው የሚሆን።

መምህር (ጎንደር)፦
በመተማ በኩል ከሆነ ጓንግ ነው። ከየት መንደር እንደተነሡ ጠይቂያቸው።

የአርማጭሆ ሰው፦
በመተማ ማን ይሄዳል ያኔ፣ ወታደር ነበረበት! ወሩንም ጠይቂልን። አንገረብ እስከ ደረት ከሆነ ክረምት ነው፣ በጋ ቁርጭምጭሚት ነው።

የገዳሪፍ ልጅ፦
ቆዩ፣ ልጠይቃት።