«በሽሮ ዘጠና ደቂቃ አይሮጥም» የተባለውን ማን ይቀበላል?

የማራኪው ተከላካይ፦ ያለፈው ጨዋታችን እንዳለቀ አንዱ የጤና ቡድናችን አባል ሰው ሁሉ እየሰማ «በሽሮ ዘጠና ደቂቃ አይሮጥም፤ በሁዳዴ ጾመኞቹ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጡ» አለ። እስካሁን አልበረደልኝም። 55 ቀን ሙሉ ወንበር ልናሞቅ ነው መዋጮ የምንከፍለው?

አስር ቁጥር፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። 60ኛው ደቂቃ ላይ መሀል ሜዳ ጉልበትህን ይዘህ ቆመህ ነበር። ኳሷ በአጠገብህ ስታልፍ ቀና ብለህ እንኳ አላየሃትም። ጎሉ የገባው በዚያ በኩል ነው።

የአዘዞ ልጅ፦ የደከመው በሽሮው ነው ያለህ ማነው? ሯጭ የሚያቃጥለው በዋናነት ጡንቻና ጉበት ውስጥ የተከማቸውን ስኳር ነው፤ እሱ ደግሞ ከእንጀራ፣ ከበሶ፣ ከቆሎ ይገኛል። ሽሮ ላይ ፕሮቲንም አለ። ቅቤ የጠጣ ጥብስ በልተህ ሜዳ ብትገባ ግን ስቡ ቶሎ ከሆድ አይወርድልህም። አፄዎቹ፣ ፋሲል ከነማዎች፣ በ2013 የሊጉን ዋንጫ ሲያነሱ በውድድሩ መሀል ሁዳዴ አልነበረም?

አስር ቁጥር፦ ፋሲል ከነማን እዚህ አታምጣው። እነሱ ሥራቸው ኳስ ነው፤ ማን እንደጾመ፣ ማን እንዳልጾመ አንተም እኔም አናውቅም። ደግሞ ቫይታሚን ቢ12 ከእህል አይገኝም፣ ይህን ካድ።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ቢ12 ጉበት ውስጥ ለዓመታት የሚበቃ ክምችት አለው። ጤነኛ ሰው በአንድ ሁዳዴ አይጎልበትም። ይልቅ የብረትን ጉዳይ ብታነሳ ይሻላል። ጤፍ ብረት አለው፣ ግን ከምሳ ላይ ወዲያው ቡናና ሻይ ስለምታስከትሉበት ሰውነት አብዛኛውን አይወስደውም። ሎሚ ወይም ቲማቲም አብሮ ሲበላ ይሻላል። 60ኛው ደቂቃ ላይ ያቆመው ግን ይህ አይመስለኝም። ጨዋታችን 10 ሰዓት ነው፤ ጾመኛው እስከ 9 ሰዓት ውሃ እንኳ አልቀመሰም። ከማታ እራት ወዲህ ምንም ሳይገባ ወይ ባዶ ሆዱን ይሮጣል፣ ወይ 9 ሰዓት ላይ ጠግቦ በልቶ ይመጣል። ሁለቱም አያስኬድም። 70 ኪሎ ሰው በላብ 1.4 ኪሎ ካጣ ፍጥነቱም ትኩረቱም ይወርዳል። ሽሮውን ትታችሁ ሰዓቱን ቀይሩ።

የማራኪው ተከላካይ፦ ይኸው! ጠዋት 1 ሰዓት ይሁን። የማታው እራት ጡንቻ ውስጥ አለ፣ ማታ ውሃውንም ጠጥተን እንተኛለን።

የአራዳ ግብ ጠባቂ፦ ይገርመኛል። እኛ በረመዳን ወደ ማፍጠሪያ ሰዓት አስጠጉልን ስንል «ለጥቂት ሰው ብለን አንቀይርም» ተባልን። በፈረንጆቹ 2012 የለንደን ኦሎምፒክ ረመዳን ላይ ነው የዋለው፤ ሙስሊም ስፖርተኞች እያንዳንዳቸው የሚሆናቸውን መረጡ እንጂ ወንበር ላይ ተቀመጡ ሲባሉ አልሰማሁም። አሁን ለሁዳዴ ሲሆን ሰዓት ይቀየራል?

የአዘዞ ልጅ፦ እውነቱን ነው። ለሁለቱም ይቀየር።

ጋሼ የቀበሌ 18፦ ልጆቼ፣ በጨዋታ ዋዜማ ጠላ ቤት አምሽቶ የሚመጣውን ስለምን ማንም አያነሳም? ጾም የያዘው ልጅ ከእሱ ይሻላል።

አስር ቁጥር፦ ጋሼ፣ እሱን ለእርስዎ እተወዋለሁ። እኔ ያልኩት አንድ ነገር ነው፣ በሽሮ ዘጠና ደቂቃ አይሮጥም።

ነርሷ፦ እኔ ስለ ሰዓትና ስለ ውሃ የጻፍኩትን አንብበኸዋል?

አስር ቁጥር፦ አንብቤዋለሁ እህቴ። ሰዓቱን በድምፅ እንወስን። ቃሌን ግን አላነሳም።

የማራኪው ተከላካይ፦ እንግዲያው ቃልህን እስክታነሳ ካንተ ጋር በአንድ ቡድን አልሰለፍም። በሚቀጥለው ጨዋታ ከተቃራኒው ጋር ነኝ፣ አንተን የምይዘውም እኔ ነኝ።