ስለ ካፌ አስተናጋጆች ጥናት ጀምረን ግራ ገባን፣ እርዱን

የማራኪዋ ጠየቀች፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የሦስተኛ ዓመት ሶሲዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ከአምስት ጓደኞቼ ጋር የሥርዓተ ፆታና የወሲብ ጉዳዮችን የሚያጠና ቡድን መሥርተናል። ሁለቱ ወንዶች ናቸው። በጀት የለንም። ርዕሳችን «የሴቶች ሁኔታ በጎንደር ከተማ» ነበር፤ አማካሪያችን «ይሄ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው፣ አጥብቡት» አሉን። ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ አንዲት የካፌ አስተናጋጅ ለማነጋገር ሞከርን። ገና ስሟን ስንጠይቃት ትሪውን ደረቷ ላይ አቅፋ «ባለቤቱ ያየዋል?» አለች። ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። እንዴት እንቀጥል?

የአዘዞው ልጅ፦
እህቴ፣ ርዕሳችሁን እኮ ልጅቷ ነግራችኋለች። «ደንበኛ ወይም አለቃ ሲተናኮላቸው አስተናጋጆች ለማን ይናገራሉ? የማይናገሩትስ ለምን?» ይኼ ይበቃል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አውጥታችሁ አንብቡ። ወሲባዊ ትንኮሳንና ወሲባዊ ጥቃትን ለየብቻ ተርጉሟል፤ አሠሪውም ሆነ የሥራ መሪው እንዳይፈጽማቸው ይከለክላል። ቲፕ የሚሰጠው ደንበኛ ሲሆንስ? እዚያ ላይ ብዙ የሚጠና ነገር አለ።

ስሟን ግን ለምን ጠየቃችሁ? በስሟ ፋንታ መለያ ቁጥር ይበቃታል። ፊርማም ሰው ያስፈራል፤ የስምምነቱን ጽሑፍ አንብቡላትና በቃሏ ትስማማ። ይህንንም ለትምህርት ክፍላችሁ አሳውቃችሁ የሥነ ምግባር ፈቃድ ሳትይዙ ማንንም እንዳታነጋግሩ። እኛ በተማሪነታችን መጠይቅ የሞላነው ባለቤቱ ባንኮኒው ላይ ቆሞ እያየ ነው። ሁሉም «ችግር የለም» ብለው መለሱ። አንዷ ብቻ ወረቀቱን ስትመልስልኝ እጄን ጨበጥ አደረገችው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ አልወጣም።

ሲስተር፦
የኔ ልጅ፣ በርቱ። ሴቶቹን ሴቶች ያነጋግሯቸው፣ ከካፌው ውጪ፣ በዕረፍታቸው ሰዓት። ከባዱን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አድርጉት። «ትንኮሳ» የሚለውን ቃል ደግሞ ተዉት። እነሱ «ለከፈኝ»፣ «ነካካኝ» ነው የሚሉት። «የማያስፈልግ ነገር የሚናገርሽ ሰው አለ?» ብትሏት ወዲያው ይገባታል።

አንዷ ተደፍራ እንደሆነ ከነገረቻችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ ጥናት የለም። ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በፈጠነ ቁጥር ደግሞ የተሻለ ነው። ከፈለገች ሆስፒታል አብራችኋት ሂዱ። ይህን ሳታውቁ አንድም ሰው እንዳታነጋግሩ፣ አደራ።

ቀበሌው፦
ሲስተር ያሉት ልክ ነው፤ ግን ወንዶቹን ልጆች ፎቶ ኮፒ ላይ እንዳትጥሏቸው። ወንድ ደንበኞችን እነሱ ያነጋግሩ። «ጨዋታ ነው» የሚለው ሰው ጨዋታው የት ላይ እንደሚያበቃ ይንገራቸው። ይህን የሚጠይቅ ጥናት ያስፈልገናል።

የታሪክ ተማሪ፦
ቃለ መጠይቅ የሚከብደው አባል ካለ እቴጌ ምንትዋብ ወዳሠሩት ቁስቋም ይምጣ። እቴጌዋ እ.ኤ.አ. በ1730 ከልጃቸው ከኢያሱ ጋር ዘውድ ደፍተው አገር አስተዳድረዋል። አስጎብኚዎች ግን ስለ ውበታቸው ስንት ደቂቃ፣ ስለ አስተዳደራቸውስ ስንት ደቂቃ ያወራሉ? ሰዓት ይዞ ማዳመጥ ብቻ ነው። ቁጥር የሚወድ ካለ ደግሞ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳውን ይይ። የተገረዙ ሴቶች እ.ኤ.አ. በ2005 74 በመቶ፣ በ2016 65 በመቶ ነበሩ። ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉትን ነው የሚቆጥረው። ወጣቶቹን ከእናቶቻቸው ለይቶ ማወዳደር አንድ ጥሩ ወረቀት ይወጣዋል።

የማራኪዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልን! ማታ ዶርም ተሰብስበን ስም የሚለውን መስመር ከመጠይቁ ሰረዝነው። ወንዶቹ የደንበኞቹን ጥያቄ እየጻፉ ነው። ሲስተር፣ ሰኞ ግቢ ብንጠራዎት መጥተው ስለ 72 ሰዓቱ ለስድስታችንም ያስረዱናል?

ሲስተር፦
ከ11 ሰዓት በኋላ ከሆነ እመጣለሁ።