በ41 ዓመቴ ቀዘፋ ጀምሬ አንድ ቦታ ላይ ቆሜያለሁ፤ ምን ላድርግ?

የሜክሲኮዋ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ ስወጣ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ጂም ገብቼ ሮዊንግ ማሽን (የቀዘፋ ማሽን) ላይ እሠራለሁ። ከዚህ በፊት ስፖርት ሠርቼ አላውቅም። መጀመሪያ ላይ በየሳምንቱ ለውጥ ነበረኝ። አሁን ግን 500 ሜትር በ2 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ላይ ቀጥ ብሏል። ምኞቴ 2 ደቂቃ መግባት ነው። ጂሙ ውስጥ ያለው ልጅ "በጎን ያለውን ማስተካከያ 10 ላይ አድርጊው" አለኝ። አደረግኩት፤ ወገቤን ያዘኝ እንጂ ሰዓቴ ፈቀቅ አላለም። አንድ ቀን ደግሞ ቢሾፍቱ ወርጄ ውሃ ላይ መቅዘፍ እፈልጋለሁ።

ለገሃር
እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ማስተካከያ መልሺው። ዳምፐር ይባላል፤ የሚወስነው ወደ መንኮራኩሩ የሚገባውን አየር ነው። 10 ላይ ስታደርጊው እያንዳንዱ ጉተታ ይከብዳል እንጂ አያፈጥንሽም። ለጀማሪ ከ3 እስከ 5 ይበቃል። ውስጡ አቧራ ከያዘ አየሩ ስለሚታፈን የአንዱ ማሽን 5 ከሌላው 5 ጋር አይገጥምም።

የወገብሽ ነገር ግን ከአጎታተትሽም ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ እግር ይገፋል፣ ቀጥሎ ከዳሌሽ ወደ ኋላ ዘንበል ትያለሽ፣ ክንድ መጨረሻ ነው። ስትመለሺ ተቃራኒው፦ ክንድ፣ ወገብ፣ እግር። ሁለት ነገር ተመልከቺ። ስትገፊ መቀመጫው ወደ ኋላ ሸርተት ብሎ እጀታው ባለበት ከቀረ፣ ሸክሙ በሙሉ ወገብሽ ላይ ወድቋል ማለት ነው። ስትመለሺ ደግሞ እጀታው ጉልበትሽን ሳያልፍ ጉልበትሽን አትጠፊ። ሕመሙ ወደ እግርሽ የሚወርድ ከሆነ ግን ማሽኑን ተይውና ሐኪም ይይሽ።

ባለ ካልኩሌተሩ
አይዞሽ፣ የቆምሽ መስሎሽ እንጂ ሒሳቡ ራሱ ከባድ ነው። የሚያስፈልገው ኃይል ከፍጥነቱ ኪዩብ ጋር ነው የሚያድገው፤ ማለትም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። 2፡30 ለመቅዘፍ 104 ዋት ገደማ ይበቃል፤ 2፡00 ለመግባት ግን ወደ 203 ዋት ያስፈልጋል። እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም! ስለዚህ መጀመሪያ 2፡25ን አስቢ። በዋት ብትከታተዪው ደግሞ ትንሿም ለውጥ ትታይሻለች።

እማማ ፒያሳ
ልጄ፣ እኔም ከሃምሳ በኋላ ነው የጀመርኩት። ኢንተርኔት ላይ ካለው ሰንጠረዥ ጋር ራስሽን አታወዳድሪ። ያ በአብዛኛው ባሕር ጠለል አካባቢ የሚኖሩ ሰዎች ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ረጅሙ ርቀት ላይ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። የትናንትናዋን አንቺን ብቻ እያየሽ ሂጂ።

የሜክሲኮዋ
እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ለገሃር፣ አንድ ነገር ልጨምር፦ ስክሪኑ በደቂቃ 32 ጉተታ ይለኛል። ይህ ጥሩ ነው?

ለገሃር
በይ ችግሩን አገኘነው! 32 ለልምምድ በጣም ብዙ ነው። መቀመጫው ላይ ወዲያ ወዲህ እየተሯሯጥሽ ነው፤ እግርሽ በደንብ ሳይገፋ ትመለሻለሽ። ወደ 20 አውርጂው። አንድ ጊዜ አጥብቀሽ ግፊ፣ ከዚያ የገፋሽበትን እጥፍ ጊዜ ወስደሽ ቀስ ብለሽ ተመለሺ። ሰው ቢያናግርሽ መልስ መስጠት በምትችይበት የተረጋጋ ፍጥነት 20 ደቂቃ ሥሪ። በሳምንት አንድ ቀን ብቻ አጫጭር ፈጣን ዙሮች ጨምሪ። መጀመሪያ ፍጥነትሽ ሊቀንስ ይችላል፤ አትደንግጪ።

የጣናው ልጅ
ስለ ቢሾፍቱ፦ ሐይቅ ዳር የምታገኚው በአብዛኛው ካያክ (ትንሽ ጠባብ ጀልባ) ነው። እሱ ፊትሽን ወደምትሄጂበት አዙረሽ በላይኛው የሰውነት ክፍል የሚቀዘፍ ነው። የእኛ ታንኳም ወደ ፊት እያዩ ነው የሚቀዘፈው። ማሽኑ የሚያስተምርሽ ቀዘፋ ግን ጀርባን ወደ መሄጃው ሰጥቶ በእግር የሚገፋ ነው። ስለዚህ ካያኩ ላይ ብትደናገሪ አይግረምሽ፤ ትንፋሽሽ ግን ይጠቅምሻል። ዋና የማትችይ ከሆነ አስቀድመሽ ተማሪ፤ ብትችይም ላይፍ ጃኬት ሳታደርጊ እንዳትገቢ።

ለገሃር
እስከዚያው ከጎን ሆኖ የሚቀርጽሽ ሰው ፈልጊ። ስልኩ ከመቀመጫው ከፍታ ጋር ይስተካከል፤ ከላይ ከተቀረጸ የወገብሽ አያያዝ አይታይም። ቪዲዮውን እዚህ ለጥፊልን፣ አብረን እናየዋለን።