ፕሮፖዛል፦ የባህር አረምና የአንጀት ቁጣ (ረቂቅ 3)

ጸሐፊ፦ ረቂቅ 3 ተለጥፏል። ሐሳቡ ያው ነው፣ ከቡናማ አልጌ የሚወጣው ፉኮይዳን የሚባል ንጥረ ነገር ክሮንስና ኮላይተስ (አንጀትን የሚያስቆጡና የሚያቆስሉ የቆዩ ሕመሞች) ላለበት ይረዳ እንደሆነ ሰው ላይ የሚያጠና ቡድን እንደግፍ። አይጥ ላይ ቁጣውን ሲቀንስ ታይቷል፣ ሰው ላይ ግን መረጃው በጣም ጥቂት ነው። እስከ አርብ አስተያየት።

ገንዘብ ያዥ፦ "አረም" የሚለው ይውጣ። አረም ተነቅሎ የሚጣል ነገር ነው፣ ለአረም አዋጡ ብዬ አባል ፊት አልቆምም

ላቦራቶሪ፦ የባህር ሳር በሉትና ይለቅ

ጸሐፊ፦ የባህር ሳር ሌላ ነው፣ ሥርም አበባም አለው። ይሄ አልጌ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ አልጌ ሲባል ሰው የሚታየው ኩሬ ላይ የሚንሳፈፈው አረንጓዴ ነው። ባለፈውም በስሙ ነው የወደቅነው

ላቦራቶሪ፦ በስሙ አይደለም ጋሼ፣ በጀቱ ስላልተደመረ ነው፣ ማን እንደደመረው ይታወቃል

ገንዘብ ያዥ፦ እኔን ነው? በል ደብተሩን አንተ ያዘው!

የልጅ እናት፦ ልጄ ሌሊቱን ሰባቴ ሽንት ቤት ተመላልሷል፣ ፎጣ ይዤ በር ላይ ቆሜ ነው ይሄን የማነበው፣ እናንተ ሳር ነው አረም ነው ትላላችሁ። ምግብ ማወፈሪያው ካራጂናንም እኮ ከቀይ አልጌ ነው የሚወጣው። የተሰባበረው ዓይነት ጊኒ ፒግ ላይ አንጀት እንደሚያቆስል በ1969 እ.ኤ.አ. ተጽፏል። ምግብ ውስጥ የሚገባው ያልተሰባበረው ቢሆንም እኛ በጅምላ "አልጌ ይጠቅማል" ካልን ሰው ገዝቶ ይውጣል።

ላቦራቶሪ፦ እውነትዎን ነው እትዬ። ፉኮይዳንም እንደ ሄፓሪን መድኃኒት ደም እንዳይረጋ ያደርጋል፣ አንጀቱ የሚደማ ወይ ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ መጀመር የለበትም። ኬልፕ የሚባለው ቡናማ አልጌ ደግሞ አዮዲኑ ይበዛል፣ ለአዋቂ በቀን 150 ማይክሮግራም ይበቃዋል፣ ከመጠን ሲያልፍ ታይሮይድ ያናጋል። ይሄን ክፍል እኔ ጽፌ ነገ እልካለሁ።

ጸሐፊ፦ ሐሙስ ሆነ። ላቦራቶሪ አልላከም፣ ሁለቴ ደወልኩ አያነሳም።

ገንዘብ ያዥ፦ ያን ቀን ተናድጄ ነው፣ ይቅር በሉኝ። ግን የጥናቱ ብር ከአቅማችን በላይ ነው፣ ስለ ካራጂናንና አዮዲን አንድ ወረቀት ለአባላት እናሳትም፣ እሱን ቦርዱ ያጸድቅልኛል

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ረቂቅ 4 የማስጠንቀቂያ ወረቀት ሆኗል፣ ጥናቱ አባሪ ላይ ነው።

የልጅ እናት፦ ወረቀቱ ይታተም፣ አልቃወምም። ግን አባሪ ማን ያነባል? ጥናቱን ገጽ አንድ ላይ መልሱልኝ፣ የጎደለውን ክፍል ዛሬ ማታ ልጁ ሲተኛልኝ እኔ እጽፈዋለሁ።