ክርክር፦ የለንደን ኦንታሪዮ ሬዲዮ ጣቢያዎች የከተማ ዜና እንዲሠሩ በሕግ ይገደዱ?

ሰናይት፦ በካናዳ የንግድ ኤፍኤም ጣቢያ የከተማውን ማስታወቂያ ለመሸጥ፣ ከሳምንቱ 126 የስርጭት ሰዓት ሲሶው፣ ማለትም 42 ሰዓቱ፣ የአካባቢ ዝግጅት መሆን አለበት። ተቆጣጣሪው ሲአርቲሲ በዚያ ውስጥ ዜና ይኑር ይላል፤ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ግን አይናገርም። ቀዳዳው ደግሞ ይህ ነው፦ ዝግጅቱ ለዚያ ጣቢያ ብቻ ተብሎ ከተሠራ እንደ አካባቢ ይቆጠራል። ስለዚህ አቅራቢው ሌላ ከተማ ተቀምጦ አራት ሰዓት የሚፈጅ ፕሮግራም ንግግሩን ብቻ ቀድቶ ይልካል፣ ዘፈኑን ኮምፒውተር ይሞላዋል። እኔ የዜና ደቂቃ በቁጥር ይቀመጥ ባይ ነኝ።

ዮናስ፦ ሐሳብሽ ጥሩ ነው፣ ሒሳቡ ግን አይወጣም። ቤል ሚዲያ በጁን 2023 ስድስት የኤኤም ጣቢያዎችን ሲዘጋ አንዱ የለንደኑ ሲጄቢኬ 1290 ነበር። በኦገስት 2024 ሌላው የሚዲያ ኩባንያ ኮረስ የሃሚልተኑን ሲኤችኤምኤል 900 ዘጋ፤ ከ1927 ጀምሮ የነበረ ጣቢያ! ሁለቱም ውይይትና ዜና የሚሠሩ ነበሩ። ዜና ሰው ይፈልጋል፣ ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። ግዴታ ከጨመርሽበት ባለቤቱ ፈቃዱን ይመልሳል።

ብርሃኑ፦ ደመወዝ ብቻ አይደለም። በኤኤም ማማው ራሱ አንቴና ነው፤ ቁመቱም አብዛኛውን ጊዜ የሞገዱን ርዝመት ሩብ ያህላል። በ1290 ኪሎኸርትዝ 58 ሜትር ገደማ፣ የለንደኑ ጣቢያ ሲኤፍፒኤል ባለበት 980 ላይ 76 ሜትር ገደማ ይመጣል። ከሥሩ እስከ 120 የመዳብ ሽቦ እንደ ጸሐይ ጨረር ዙሪያውን ይቀበራል። ሽቦው ከተበጠሰ ወይም ከተሰረቀ ኃይሉ አፈር ማሞቂያ ሆኖ ይቀራል። ማታ ደግሞ የኤኤም ሞገድ ከላይኛው አየር ነጥሮ ሩቅ ስለሚወርድ፣ ብዙ ጣቢያዎች ሌላውን ላለመረበሽ ኃይል ይቀንሳሉ፣ ወይም በበርካታ ማማዎች ስርጭቱን ወደ አንድ ወገን ያዞራሉ። ይህ ሁሉ ሰፊ መሬት ይበላል፤ ከተማው እየተጠጋ ሲመጣ መሬቱ ከጣቢያው የበለጠ ዋጋ ያወጣል። ወደ ኤፍኤም ይዛወሩ እንዳንል፣ በአንድ በኩል ዲትሮይት፣ ከኤሪ ሐይቅ ማዶ ክሊቭላንድ ስላሉ ባዶ ቦታ ማግኘት ከባድ ነው። በሰመር ሞቃት አየር ሐይቁ ላይ ሲተኛ የማዶው ጣቢያ ዘልቆ መጥቶ የዚህኛውን ይጫነዋል።

ሰናይት፦ ወጪው ይገባኛል። ግን በዲሴምበር 2010 በሳርኒያና በለንደን መካከል ሃይዌይ 402 በበረዶ ተዘግቶ ከ300 በላይ ሰው በየመኪናው ሲቀር፣ ለማዳን ወታደር ነው የተጠራው። እንዲህ ባለ ሌሊት መኪና ውስጥ ያለው ሬዲዮ ነው። በስልክ መተማመንም አይቻልም፤ ጁላይ 8 ቀን 2022 የስልክ ኩባንያው የሮጀርስ ኔትወርክ ሲወድቅ ለአደጋ ጊዜ ቁጥሩ 911 መደወል ያቃተው ሰው ነበር።

ዮናስ፦ ለእሱማ ከ2015 ጀምሮ የንግድ ጣቢያዎች የአደጋ ማስጠንቀቂያ ማሽን እንዲኖራቸው ተገድደዋል። ስቱዲዮ ውስጥ ሰው ባይኖርም ስርጭቱን ራሱ ያቋርጣል።

ሂሩት፦ ዮናስ፣ ማሽኑ የሚያነበው የተላከለትን ጽሑፍ ብቻ ነው። ቶርኔዶ እየመጣ ነው ይላል። ዌሊንግተን መንገድ መዘጋቱን፣ የትኛው የተማሪ አውቶብስ እንደቀረ፣ ለመጠለያ የተከፈተው አዳራሽ የቱ እንደሆነ አይነግርህም። ሲጨርስ ኮምፒውተሩ ወደ ተሰለፈው ዘፈን ይመለሳል፤ ከዘፈኑ በኋላ ትናንት የተቀዳው ድምፅ «ደስ የሚል ቀን ነው» ይላል።

አንቺም ሰናይት፣ ደቂቃ ብቻ ብትቆጥሪ በሆኪ ውጤትና ከቶሮንቶ በመጣ ዜና ይሞሉታል። መቆጠር ያለበት ከተማው ውስጥ የተሰበሰበው ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ከጠዋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሦስት ደቂቃ፦ በቀን ስድስት ጊዜ፣ በሳምንት 90 ደቂቃ። አንድ ሪፖርተር ይችለዋል፤ ሲታመም የሚተካው ሰው ግን ከወዲሁ መኖር አለበት፣ አለዚያ መጀመሪያ የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው። ለማረጋገጫ አዲስ ነገር አያስፈልግም፤ ጣቢያ የስርጭቱን ቅጂ አራት ሳምንት የማቆየት ግዴታ አለበት።

ዮናስ፦ ከፋዩስ?

ሂሩት፦ ሲአርቲሲ በ2024 ትልልቆቹ የኢንተርኔት ሙዚቃ አቅራቢዎች ከካናዳ ገቢያቸው 5 በመቶ እንዲያዋጡ ወስኗል። ከዚያ 1.5ቱ ከዋና ዋናዎቹ ከተሞች ውጪ ላሉ የንግድ ጣቢያዎች ዜና የተመደበ ነው፤ ለንደንም ይገባታል። ኩባንያዎቹ ግን ፍርድ ቤት ወሰዱት።

ዮናስ፦ እንግዲያው ቅደም ተከተሉ ይስተካከል። ገንዘቡ ጣቢያው ይድረስ፣ 90 ደቂቃው በዚያው ቀን ይጀምር። እንዲህ ከሆነ እኔም እፈርማለሁ።