ከባጃጅ አደጋ በኋላ አንጀቱ ወደ ደረቱ ወጥቷል ተባለ፤ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ የጅማዋ
ጤና ይስጥልኝ። ታናሽ ወንድሜ አምና የተሳፈረበት ባጃጅ ተገልብጦ ግራ ጎኑን ተመታ። ያኔ ራጅ ተነሳ፣ «የጎን አጥንቱ ተሰንጥቋል» ተባለ፣ ማስታገሻ ተሰጥቶት ወደ ቤት ገባ። ዳነ ብለን ነበር። አሁን ግን ሲበላ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ሲተኛ ይብስበታል፣ ግራ ትከሻውንም ያመዋል። ሰሞኑን በድጋሚ ራጅ ሲነሳ «ዲያፍራሙ ተቀዷል፣ አንጀቱ ደረቱ ውስጥ ገብቷል» አሉንና ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ጻፉለት። እናታችን ጠበል ይቅደም ትላለች። ያለ ኦፕራሲዮን አይድንም? በአውሮፕላን ይሂድ ወይስ በመኪና?

መልስ፦ የቀዶ ሕክምና ነርስ
እግዚአብሔር ይማርላችሁ። ቀዳዳው በራሱ አይዘጋም፤ ኦፕራሲዮን ያስፈልገዋል። ዲያፍራም ደረትንና ሆድን የሚለይ ጡንቻ ነው። በተነፈስን ቁጥር ደረት ወደ ላይ ይስባል፣ ሆድም ይገፋል። ስለዚህ ጨጓራው፣ አንጀቱ፣ ሞራው፣ አንዳንዴም ጣፊያው በቀዳዳው ሾልኮ ይወጣል። በግራ የሚበዛው ቀኙን ጉበት ስለሚከልለው ነው። አምና አለመታየቱ አይግረምሽ። አንጀቱ ገና ካልወጣ ራጁ ደህና ሊመስል ይችላል።

ካስመለሰው፣ ፈስና ሰገራ ካቆመ፣ ወይም ሕመሙ አልለቅ ካለ ግን አንጀቱ ታንቆ ሊሆን ይችላል። ያኔ የሪፈር ቀን አይጠበቅም። ምግብም ውሃም ሳትሰጡት ቅርብ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ሩጡ።

መልስ፦ ሐኪሙ
ነርሷ ልክ ናት። ቢያንስ ከ1579 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ የሚታወቅ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አምብሯዝ ፓሬ በጥይት ቆስሎ ስለተረፈ አንድ መኮንን ጽፏል። ሰውየው ከ8 ወር በኋላ ሞተ። አስከሬኑ ሲመረመር ትንሽ ጣት በምታስገባ የዲያፍራም ቀዳዳ አንጀቱ ወጥቶ ታንቆ ተገኘ።

የትም ስትሄዱ «አምና አደጋ ደርሶበታል» የሚለው ይቅደም። ራጁ ሳንባው ውሃ የቋጠረ ወይም አየር የገባበት ሊያስመስል ይችላል። በዚያ ግምት ደረቱ ላይ ቱቦ ከገባ ጨጓራውን ወይም አንጀቱን ሊበሳ ይችላል። ሲቲ ስካን ነገሩን በደንብ ያጠራል።

የቆየ ስለሆነ አንጀቱ ከሳንባው ጋር ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በደረት በኩል ሊከፍቱት ይችላሉ። ቀዳዳው ይሰፋል፤ ሰፊ ከሆነ ሰው ሠራሽ መረብ ይደረግበታል።

አውሮፕላኑን በተመለከተ፣ ሪፈር የጻፈለትን ሐኪም ሳትጠይቁ ቲኬት አትቁረጡ። ከፍታ ላይ አንጀት ውስጥ ያለ አየር ይለጠጣል።

መልስ፦ እማማ ቡና
የኔ ልጅ፣ ባለቤቴ በጩቤ ተወግቶ ይሄው ነገር ገጥሞት ነበር። ተሰፍቶ ዛሬ እርሻውን ያርሳል። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደረቱ ላይ ቱቦ ነበረው። በረጅሙ ተንፍስ ሲሉት ያመዋል፣ እምቢ ይላል። አስታማሚ ጠንከር ያለ ይሁን! እናትሽንም አታስቀይሚያት። ጠበሉን ይረጭ፤ በብዛት ጠጥቶ ማስመለሱ ግን ይቅርበት።

መልስ፦ ባለ ሚኒባስ
የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን አውጥታችሁ ያዙ። ባጃጁ የሶስተኛ ወገን መድን ካለው፣ የሚሸፈን ነገር ካለ ጠይቁ። ሁሉንም ደረሰኝ ሰብስቡ።

የጅማዋ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሐኪሙን ጠየቅን፤ በመኪና፣ በአምቡላንስ ይሂድ ብሏል። የአምናው ራጅ ፊልም ቤት ተገኝቷል፤ እሱንም እንያዘው?

ሐኪሙ
አዎ፣ ሁለቱንም ያዙ። አምናና ዘንድሮ ጎን ለጎን ሲታዩ ብዙ ነገር ይነግራሉ።